ጥዱ ሥር የቀመስኩት ጥፊ

ሰባት ዓመቴ ላይ አባቴ አንድ ጥድ ሥር አቁሞ በጥፊ አጮለኝ። አሁን ስልሳ ስድስት ዓመት ሞልቶኛል፤ ግራ ጉንጬ ግን እስከ ዛሬ አልረሳውም። የሚያናድደኝ አለመርሳቱ ነው። የተመታሁት እንዳልረሳ ተብሎ ስለነበር እነሱ ያሰቡት ሁሉ ሆነላቸው።

ባለፈው ሳምንት ኦርሰን ፊስክ ቤቴ መጣ። የመንደራችን የሃርትዌል ጸሐፊ ነው፣ የሟቹ የዲያቆን ፊስክ የልጅ ልጅ። ሃያ አምስት ዓመት እንኳ አልሞላውም፤ አንገቱን በነጭ ጨርቅ ጠምጥሞ፣ ረጅም ባርኔጣ ደፍቶ እንደ አውራ ዶሮ ደረቱን ነፍቶ ይሄዳል። ከእንግሊዝ ንጉሥ ነፃ የወጣንበት ሃምሳኛ ዓመት ሊከበር ነው፤ ጁላይ አራት ቀን መድረክ ላይ ወጥቼ ስለ ድሮው ዘመን እንድናገር ይፈልጋል።

“እማማ ከዛያ፣ የንጉሡን ዘመን የሚያስታውስ ሰው እያለቀ ነው” አለኝ። “እርስዎ ደግሞ ነገር አይረሱም። አያቴ ሁልጊዜ ያነሱዎት ነበር።”

“ምን ብለው?”

“‘ከዛያ ባትኖር ኖሮ የሃርትዌል ወሰን የት እንደሆነ አይታወቅም ነበር’ ይሉ ነበር።”

ልጁ ክፋት የለውም፤ ማመስገኑ ነበር። ከምድጃው ያወጣሁትን የዝንጅብል ዳቦ መቁረጤን ቀጠልኩ። እሱም ወረቀቱን ዘረጋና በነፃነቱ ጦርነት የሞቱትን የመንደራችንን ልጆች ስም ያነብልኝ ጀመር። በበዓሉ ዕለት ስማቸው ሊጠራ ነው። የመጨረሻው ስም ላይ ጣቱን አሳረፈ።

“ይኸኛው ‘ሳምሶን፣ ሕንዳዊ’ ይላል፤ ሌላ ስም የለውም። ከየት እንደመጣም አልተጻፈ። ያውቁታል?”

ቢላዋዬን አስቀመጥኩ።

“ከየትም አልመጣም” አልኩት። “የመጣነው እኛ ነን። ሳምሶን ኮንካ ይባላል። እናቱ ዶርካስ ኮንካ ናት። በል ተነሣ፣ እንሂድ።”

“ወዴት?”

“ነገር አይረሱም አላልከኝም? ላስታውስህ ነው።”

ሁለት ቁራጭ የዝንጅብል ዳቦ በአሮጌዋ ቅርጫቴ ውስጥ ከተትኩና ወጣን። ዳገቱን እስክንወጣ ድረስ እንዲህ ብዬ ነገርኩት።

የዶርካስ ቤት ከእኛ ማሳ በላይ፣ ምንጭ ካለበት ረግረግ ዳር ነበር። እሷ ከአገሩ ባለቤቶች፣ እኛ ሕንዳውያን ከምንላቸው ወገን ናት፤ አያቶቿ የእኛ ሰዎች ከመርከብ ከመውረዳቸው በፊት እዚያው ይኖሩ ነበር። ባሏ ሞቶ ከአንድ ልጇ ከሳምሶን ጋር ቀርታለች። ሳምሶን ከረግረጉ ግንድ እየጎተተ ያመጣላታል፣ እሷ ደግሞ በመጥረቢያ ጀርባ ከጫፍ እስከ ጫፍ ትደበድበዋለች። ያ ዛፍ ሲደበደብ እንደ ጥብጣብ እየተላጠ ይወጣል፤ ከዚያ ጥብጣብ ቅርጫት ትሠራለች። ዛፉ ሌላ ቦታ አይበቅልም። ረግረጉ ከሌለ ቅርጫት የለም፣ ቅርጫት ከሌለ ደግሞ ዶርካስ የምትበላው የለም። ይህን የመንደሩ ልጅ ሁሉ ያውቅ ነበር፣ እኔም ጭምር።

የመጥረቢያው ድምፅ ዱም ዱም ሲል በሰማሁ ቁጥር ሥራዬን ጥዬ እሮጣለሁ።

“ወሬኛዋ መጣች!” ትላለች ቀና ሳትል።

“እትዬ ዶርካስ፣ ለምንድን ነው የሚደበድቡት? ምን አደረገዎት?”

“ግትር ነው። ካልተመታ በሆዱ ያለውን አያወጣም።”

“እኔስ?”

“አንቺማ ሳትመቺም ታወጪያለሽ። አፍሽ መቼ ተዘግቶ ያውቅና!”

አንድ ቀን በልኬ የተሠራች፣ እጀታ ያላት ቅርጫት ሰጠችኝ። “ለወሬሽ መያዣ” አለችኝ። እንቅልፍ ሲወስደኝ እንኳ አጠገቤ አደርጋት ነበር።

ከቤቷ ቁልቁል፣ ከምንጩና ከረግረጉ በታች አንድ ትልቅ የኦክ ዛፍ ነበር። ግንዱን የከበበው የድንጋይ ቁልል እስከ ደረቴ ይደርሳል። ዶርካስ በዚያ ባለፈች ቁጥር አንድ ድንጋይ ትጨምርበታለች። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት “አያቴ ስለጨመረች” ብላ ታልፈኛለች። እኔ የጸሎት ነገር ወይም ጨዋታ መስሎኝ አብሬያት ጠጠር እጥል ነበር። ዛሬ የማውቀውን ያኔ ባውቅ ኖሮ! ሃርትዌል ሲቆረቆር የእኛ አባቶችና የእሷ አባቶች ቆመው ወሰናችን ይኸ ነው የተባባሉበት ምልክት ነበር። በመንደሩ መዝገብ ላይ “ድንጋይ የተቆለለበት ትልቅ ዛፍ” ተብሎ ተጽፏል። ምን ዓይነት ዛፍ እንደሆነ የጻፈ የለም። ያ ጸሐፊ አንድ ቃል ቢጨምር ምን ነበረበት?

በየሦስት ዓመቱ ጸደይ ሲገባ የመንደሩ ሹማምንት ወሰኑን በእግር ይዞራሉ። ልጆችም ይከተሏቸዋል። ምልክቱ ጋ ሲደርሱ ልጅ ይመታል፣ ወዲያው ደግሞ ጣፋጭ ይሰጠዋል። አያቶቻችን ከእንግሊዝ ይዘውት የመጡት ልማድ ነው። ወረቀት ይቃጠላል፣ ሽማግሌ ይሞታል፤ በልጅነቱ የተመታ ሰው ግን የተመታበትን ቦታ እስኪሞት አይረሳም። የሚወሰዱት ወንዶች ልጆች ነበሩ። አባቴ ወንድ ልጅ አልነበረውም፤ ቢሆንም ለዚያ ዓመት ዙር ዲያቆን ፊስክ እኔኑ ፈለገኝ።

ዕለቱን አልረሳውም፤ ጠዋት ገበታ ላይ ነበርን።

“ወንድ ልጅ ነገ መርከብ ተሳፍሮ ይጠፋል” አለ ዲያቆኑ ለአባቴ። “ሴት ልጅ ግን ጎረቤት አግብታ እዚሁ ታረጃለች። ደግሞ ይቺ ልጅ ከዚያች ሴት ቤት አትጠፋም፤ የሴትየዋ ወዳጅ ናትና ልጅቷ ያለችውን ሰው ያምናል።”

“ሰባት ዓመቷ ነው እኮ” አለ አባቴ።

“ለዚህም አይደል!”

እናቴ የወተት መናጫውን እጀታ ለቀቀችና አንድ ቃል ሳትናገር ወጣች። እኔ በበኩሌ ስለ እኔ ጉብዝና የሚያወሩ መስሎኝ አንገቴን አስግጌ ተቀመጥኩ። እናቴንም ቀናችብኝ ብዬ ታዘብኳት!

ዶርካስና ሳምሶን በዚያ ቀን መጥረጊያና ቅርጫት ሊሸጡ ሌላ መንደር ሄደው ነበር። ቀኑም የተመረጠው ለዚሁ ነው። ዲያቆኑ፣ አባቴ፣ ሌሎች ሁለት ሹማምንትና ሦስት ወንዶች ልጆች ሆነን ጭቃውን እያቦካን ዳገቱን ወጣን። ትልልቆቹ አረቄያቸውን እየተቀባበሉ የለንደን ሹማምንትን ይራገማሉ። ዲያቆኑ ኦኩን ተደግፎ እጁን እያወናጨፈ የተናገረው ቃል በቃል ትዝ ይለኛል።

“ሳይጠይቁን ግብር ይወስዱብናል! ሰው ንብረቱ ያለ ፈቃዱ ከተወሰደበት ያ ሰው ባሪያ ነው! ባሪያ!”

“እውነት ነው” አሉ ሌሎቹ። አባቴ ብቻ መሬት መሬቱን ያይ ነበር።

ከዚያ ዲያቆኑ ወደ እኛ ዞሮ አጨበጨበ። “ልጆች፣ እንጫወት! ከዚህ ቁልል ላይ ድንጋይ እያነሣችሁ እዚያ ላይ ያለው ጥድ ሥር አድርሱ። ብዙ ያመላለሰ የዝንጅብል ዳቦ ይበላል።”

ጥዱ ከምንጩም ከረግረጉም በላይ ነው፤ ከዶርካስ ደጃፍ አጠገብ። ወንዶቹ በእጃቸው ሁለት ሁለት ይዘው ሲንገዳገዱ እኔ ብልጧ ቅርጫቴን ሞላሁ። ዶርካስ በሠራችልኝ ቅርጫት! አሥራ ሁለት ጊዜ ተመላለስኩ። በመጨረሻው ላይ የቅርጫቴ ቂጥ ተቀደደ፣ ቢሆንም አሸነፍኩ። ትልልቆቹን ድንጋዮች ሰዎቹ ራሳቸው አንከባለሏቸው። ዲያቆኑ ቆሞ “ሽበት ያለበትን ፊቱን ወደ ላይ አድርጉት” እያለ ያዝዛል። በድንጋዩ ላይ የበቀለውን ሽበት የሚመስል ነጭ ሻጋታ ማለቱ ነው። ውበት የሚወድ ሰው ነው ብዬ አሰብኩ፤ ለካ ቁልሉ ከድሮ ጀምሮ እዚያ የነበረ እንዲመስል ነው።

አባቴ እጄን ይዞ ጥዱ ሥር አቆመኝ። መትቶኝ አያውቅም ነበር። ጥፊው ሲያርፍብኝ ጆሮዬ ጮኸ።

“ኪዚ፣ ይህን ቦታ አትርሺ” አለኝ፤ ሲያቆላምጠኝ ኪዚ ነበር የሚለኝ።

“ምን ብዬ?”

“ወሰኑ እዚህ ነው በይ።”

ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። አባቴ እንዴት ቢወደኝ ነው አልኩ፤ እኔን መትቶ እሱ አለቀሰ! ያንን እንባ ዓመታት ሙሉ እንደ ስለት ዕቃ በልቤ አኑሬው ነበር። ለካ የኀፍረት እንባ ኖሯል። ያፈረ ሰው ደግሞ እጁን መሰብሰብ ይችል ነበር፣ እሱ ግን አልሰበሰበም። ዳቦውን ተቀብዬ ጉንጬ እየነደደ በላሁት፤ ጣፋጭ ነበር።

በሦስተኛው ቀን የተቀደደችውን ቅርጫት ይዤ ዶርካስ ዘንድ ሄድኩ። ደጃፏ ላይ ቆማ ጥዱን ታያለች። መጥረቢያው መሬት ወድቋል።

“እትዬ ዶርካስ፣ ይጠግኑልኛል?”

ተቀብላ ገለባበጠቻት። “ምን ተሸክመሽባት ነው?”

እኔም ሳልመታ ዘረገፍኩት። ጨዋታውን፣ ማሸነፌን፣ ጥፊውን፣ ዳቦውን፣ አንዳች ሳላስቀር ነገርኳት።  ከዚያ ገባችና ጥብጣብ አምጥታ ዝቅ ብላ መጠገን ጀመረች። 

“ተቆጡኝ?” አልኳት። “ቅርጫቷን ስላበላሸሁ?”

“አልተቆጣሁሽም” አለችኝ። “ቅርጫትማ ይጠገናል። ብቻ ይህን የነገርሽኝን፣ ሌላ ሰው ሲጠይቅሽም እንዲሁ ትነግሪያለሽ?”

“እንዴታ!” አልኩ።

ከዚያ ወዲህ ዶርካስ መጥረጊያ ልትሸጥ ወደ ቤታችን ስትመጣ እናቴ ጓዳ ገብታ ትደበቃለች። የምትፈራት ይመስለኝ ነበር። ለካ ዓይኗን ማየት አቅቷት ነው። ጓዳ መደበቅ ግን ለዶርካስ ምን ፈየደላት?

ዶርካስ ሰባት ዓመት ሙሉ አቤት አለች። አቤቱታዋ ከአንዱ ሹም ወደ ሌላው ሲንከባለል ቆይቶ፣ አሥራ አራት ዓመቴ ላይ ጉዳዩን የሚያዩ ሦስት ሰዎች ከቦስተን መጡና መጠጥ ቤቱ ውስጥ ለችሎት ተቀመጡ። እንግዲህ ሕጉን ስሙ። የእሷ ወገኖች በገዛ መሬታቸው ነገር ራሳቸው መናገር አይፈቀድላቸውም፤ መንግሥት የሚናገርላቸው ሞግዚት ይሾማል። የዶርካስ ሞግዚት ማን ነበር? ዲያቆን ፊስክ! ምንጩ ላይ ወፍጮ ሊተክል ያሰበውም እሱ፣ ስለ ምንጩ ባለቤት ጠበቃ ሆኖ የቆመውም እሱ። ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። የእኛዎቹ ጅቦች ግን ቁርበቱም የአባታችን ነው አሉ።

ዲያቆኑ ከዋዜማው ጀምሮ መክሮኛል። “መሐላ ከባድ ነው፣ ልጄ። ሃይማኖት ስትማሪ እንደምትመልሺው ነው፤ የተጠየቅሽውን ብቻ። አንድ ቃል ከጨመርሽ መሐላሽን አፈረስሽ።” በእኛ ዘንድ ልጅ ሁሉ ያደገው በዚህ ነው። መምህሩ ከመጽሐፉ ይጠይቃል፣ ልጁ በቃሉ የያዘውን ይመልሳል፤ ከራሱ የጨመረ አለንጋ ይቀምሳል። እኔ ደግሞ ከሁሉም ጎበዝ መላሽ ነበርኩ።

“የወሰኑ ዙር ዕለት የት ተመታሽ?” አሉኝ።

“ጥዱ ሥር ነው፣ ጌታዬ።”

“የድንጋይ ቁልል ነበረው?”

“ነበረው፣ ጌታዬ።”

“ትልቅ?”

“እስከ ደረቴ ይደርስ ነበር።”

አንድም ውሸት የለበትም። እስኪ አንዱን ቃል ውሸት በሉኝ!

ዶርካስ ከኋላ ወንበር ብድግ አለች። “ማን እንዳመጣው ጠይቋት!”

“ሞግዚትሽ ይናገርልሻል፤ ተቀመጪ” አሏት።

“ጌቶቼ፣ አሮጊት ናት፤ ይቅር በሏት” አለ ዲያቆኑ በለሰለሰ ድምፅ።

እሷ አልተቀመጠችም። እነሱን ትታ እኔን አየችኝ። ሹራብ የምሠራበትን ክር የያዘችው ያቺ የተጠገነች ቅርጫት ጭኔ ላይ ነበረች።

“ወሬኛዋ” አለችኝ፣ “አፍሽ ዛሬ ነው የሚዘጋው?”

ዝም አልኩ። የጠየቀኝ ዳኛ የለም ብዬ ዝም አልኩ። አባቴ ግድግዳ ግድግዳውን ያይ ነበር። ልጅ ነበርኩ ብዬ ራሴን ላጽናና ስንት ጊዜ ሞከርኩ መሰላችሁ! አሥራ አራት ዓመት ልጅነት አይደለም። ግማሹ ገብቶኝ ነበር፤ ያልገባኝን ግማሽ ደግሞ እንዳይገባኝ ስለፈለግሁ ነው።

ወሰኑ ጥዱ ነው ተብሎ ተፈረደና መዝገብ ላይ ተጻፈ፤ ምንጩና ረግረጉ የመንደሩ ሆኑ። ወር ሳይሞላ የመንደሩ ሕግ አስከባሪ መጥቶ ደጃፏ ላይ ወረቀት አነበበላት። “የዚህ መንደር ሰው ስላልሆንሽ በአሥራ አራት ቀን ውስጥ ለቀሽ ውጪ” ይላል። ይህን ያሏት እሷን ነው! ከአያቷ ጀምሮ እዚያ ድንጋይ ስትቆልል የኖረችውን ዶርካስን! ቤቷ ፈረሰ፣ ረግረጉ በቦይ ደርቆ የግጦሽ ሜዳ ሆነ፣ ምንጩ ላይ ወፍጮ ተተከለ። በሚቀጥለው ዓመት ጦርነቱ ሲጀመር ዲያቆኑ ጸሎት ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆሞ ያንኑ ንግግሩን ደገመው፤ ንብረቱ ያለ ፈቃዱ የተወሰደበት ሰው ባሪያ ነው አለ። ሳምሶን ሰምቶ ዘመተ። ምናልባት ከድል በኋላ ቃሉ ለእሱም የሚሠራ መስሎት ይሆናል። የጦር ሰፈር ውስጥ ፈንጣጣ ገደለው። እናቱ ከጎተራ ጎተራ እየዞረች ቅርጫት ስትጠግን ኖራ፣ በሁለተኛው ክረምት ከእኛ ሁለት መንደር አልፎ በአንድ ሰው ድርቆሽ ውስጥ ሞታ ተገኘች።

ከዚያ በኋላ አዲስ መንግሥት ሲቆም፣ ሕገ መንግሥቱ ደወል እየተደወለ ሲነበብ፣ እኔ ልጄን ታቅፌ እሰማ ነበር። ያን ሰሞን ቄሱ ጋ ሄጄ ስለ ድንጋዩ ተናገርኩ። “የተዘጋ ነገር ነው፤ መዝገቡ ጥድ ይላል” አለኝ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። ሲጠራ አላየሁም። አባቴ እስኪሞት ድረስ በዚያ ሜዳ በኩል አልሄደም፤ ንስሐ ነው ብሎ የሚቆጥርለት ካለ ይቁጠርለት፤ እኔ አልቆጥርለትም። አልሄደበትም እንጂ ሜዳውን ላሞቹ ግጠውታል፣ ወተቱንም ሁላችንም ጠጥተነዋል።

ይህን ሁሉ ለኦርሰን ፊስክ ነግሬ ጨረስኩ። ቦታው ስንደርስ በእሾህ የተሸፈነ ሰፊ ጉቶ በዱላዬ ገለጥኩለት። ኦኩን አያቱ ራሱ ነው ያስቆረጠው፤ የወፍጮው ቤት ምሰሶ ሆኗል። ጉቶው ዙሪያ ጥቂት ትንንሽ ድንጋዮች አሁንም አሉ። ልጆች ያልፈለግናቸው ናቸው፤ ለውድድር አይመቹም ነበር።

ኦርሰን ጉቶውን አየ፣ ሽቅብ ወፍጮውን አየ።

“እማማ ከዛያ፣ በጣም አሳዛኝ ታሪክ ነው። ግን እኮ ማስረጃ የለም። ምስክሮቹ ሁሉ ሞተዋል። እርስዎም እግዜር ዕድሜ ይስጥዎት እንጂ...”

“ምስክር ነው የጎደለው?”

“አዎ፣ ያው...”

እጄ አርጅቷል፣ ግን ስልሳ ዓመት ላም አልቤበታለሁ። ግራ ጉንጩን ባለ በሌለ ኃይሌ አጮልኩት። ባርኔጣው ተንከባሎ እሾህ ውስጥ ገባ።

“ምን አደረግሁዎት?” አለ ጉንጩን ይዞ። ዓይኑ እንባ ሞላ።

“ምንም። እኔም ምንም አላደረግሁም ነበር።”

ከቅርጫቴ አንድ ቁራጭ የዝንጅብል ዳቦ አውጥቼ እጁ ላይ አስቀመጥኩ። የቅርጫቷ ቂጥ ላይ ያለችውን፣ ዶርካስ የጠገነችባትን ጥብጣብ አሳየሁት። አሁንም አልላላችም።

“ብላ” አልኩት። “ወጣት ነህ፣ ገና ሃምሳ ዓመት ትኖራለህ። እስኪ ንገረኝ፣ የት ተመታህ?”

 ሊቆጣ ከጅሎ ነበር። ከዚያ ወደ ጉቶው ዞረ።

“ኦኩ ሥር” አለ ቀስ ብሎ።

“ጁላይ አራት ቀን መድረክ ላይ እኔ እሱን ነው የምናገረው፤ አንተም ከጎኔ ቆመህ ትመሰክራለህ። እኔ ከሞትኩም በኋላ ሲጠይቁህ እንዲሁ በል።”

“ባይጠይቁኝስ?”

“ያን ጊዜማ” አልኩት፣ “አፍህን እንዳትዘጋ።”